ጉማሬውን ቀድሞ ያየ

የፍቅረኞች ቀን በመጣ ቁጥር ልጃችን ከአዲስ አበባ ምክር ትልክልናለች። ዘንድሮ የላከችው የአንድ ትልቅ መርከብ ቪዲዮ ነበር። ባልና ሚስት ነጭ ለብሰው መርከቡ ጫፍ ላይ ቆመው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ። «እናንተም ጀልባ ትወዱ የለ፣ ሻማ አብሩ፣ ጽጌረዳ በትኑ እንጂ» ትላለች። የሐዋሳ ሐይቅ ንፋስ ላይ ሻማ ማብራት የምታስብ ልጅ ማሳደጌ ገረመኝ።

እኔና ባለቤቴ የራሳችን ልማድ አለን። ገና እጮኛሞች ሳለን ጀምሮ ቀኑን ጠብቀን ሐይቅ ዳር ወርደን ጀልባ እንከራያለን፤ ጉማሬዎቹ ወደሚውሉበት ቄጠማ እንሄዳለን። ጉማሬ ቀድሞ ያየ ያሸንፋል፣ የተሸነፈ የአሳ ጥብስ ይጋብዛል። ባለቤቴ የጭልፊት ዓይን ነበረው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ «አጭበርብረሃል» እያልኩ እጋብዛለሁ።

አሁን ዓይኑ ደክሟል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ለማቆየት እንደሚሞከር ነግሮናል። ባለቤቴ ይህን በዝምታ ተቀበለ። አንድ ቀን ግን ሸሚዙን ገልብጦ መልበሱን ስነግረው፣ «ጉማሬ ማየት ያቃተኝ ቀን ጀልባ ላይ አልወጣም። እንደ ዕቃ አልጫንም» አለ። እሱ አንዴ ካለ አለ ነው። ቤታችንን ደግሞ እንግዳ አይለየውም፤ ነጂውን ካልቆጠርን ሁለታችን ብቻ የምንሆነው ጀልባ ላይ ነው። ይህ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ጉማሬ ባይም ዝም እላለሁ፣ እሱ እስኪያይ እጠብቃለሁ። ጨርሶ ካላየም ዛሬ ጉማሬ አልወጣም ብዬ ድርቅ እላለሁ።

ከሰዓት ንፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው በጠዋት ሄድን። ዳር ላይ ቀይ የለበሱ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ። የጀልባው ነጂ «ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለው። ባለቤቴ እጁን አልሰጠም፤ የኔን ትከሻ ይዞ ገባ።

ቄጠማው ጋ እንደደረስን ሁለት ጆሮዎች ከውኃው ላይ ብቅ አሉ። ልክ ባለቤቴ ፊት ለፊት ነበሩ። ዝም አልኩ። የእሱ ዓይን ግን ጆሮዎቹን አልፎ ሄደ፤ ጉማሬውም ተመልሶ ሰጠመ። ማዘኔን እንዳያውቅብኝ ፊቴን አዞርኩ። ወዲያው ደግሞ ፊቴንም አጥርቶ እንደማያይ ትዝ ሲለኝ የባሰ አዘንኩ።

«ሞተሩን አጥፋው እስቲ» አለ ባለቤቴ።

ነጂው አጠፋው። ውኃው የጀልባውን ጎን ቀስ እያለ ይመታል። ጥቂት ቆይቶ ባለቤቴ ጣቱን ከጀርባችን ወዳለው ቄጠማ ቀሰረ። «እዚያ» አለ።

ዞርኩ። ከቄጠማ በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። ነጂውም ዞሮ አየና «ኧረ ምንም የለም፣ ጋሼ» ብሎ ሳይጨርስ ቄጠማው ተከፈለና አንድ ሰፊ አፍንጫ ውኃ እየረጨ ብቅ አለ።

«እንዴት አየኸው?» አልኩት።

«አላየሁትም። ሲተነፍስ ሰማሁት።» ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቀጠለ፤ «ቅድም አንቺ ያየሽውንም አላየሁትም። ትንፋሽሽን ዋጥ ስታደርጊ ነው ያወቅኩት።»

ዕድሜ ልኬን አጭበርባሪ ስለው ኖሬ በመጨረሻ እኔው ተያዝኩ።

«በጆሮ ይቆጠራል?» አለ። እንደ ቀልድ ነው የጠየቀው፤ የጀልባውን ጠርዝ የያዘው እጁ ግን ጠብቆ ነበር።

«ይቆጠራል» አልኩት። «አሳው በኔ ነው።»

እጁ ላላ።

«እንግዲያው ከርሞም ትጋብዢኛለሽ» አለ።