ብርዙን ማን ከፈተው?

ማራቶን ሲጋመስ ሰው ማመን አልችልም። ሲጀመር ሁሉም ወንድሜ ነው፤ እንሳሳቃለን፣ እንቀላለዳለን። የጣናን ዳር ይዘን ወደ ድልድዩ ስንመለስ ግን ከጎኔ የሚሮጠው ሰው ትንፋሽ እንኳ ነገር ያለበት ይመስለኛል። ለምን አያለከልክም? ቢያለከልክስ ከልቡ ነው?

በዚያ ቀን ከጎኔ የነበረው የቅርብ ጓደኛዬ ነው። የማክሰኝት ልጅ ነው፤ ለሩጫ ብሎ ባሕር ዳር ከመጣ ጀምሮ አብረን ነው የምንሠራው፣ ቤታችንንም እንደ ቤቱ ያየዋል። በዚያ ሰሞን ክለባችን ሯጭ ሊቀንስ ነበር። አሰልጣኙ ሁለታችንን ጠርቶ «ቀድሞ የገባው ይቀራል፣ ሌላው ይሰናበታል» አለን። ከክለቡ ብወጣ የሚጠብቀኝ የአባቴ የጀልባ ሥራ ነው፤ አናጢነት ደግሞ ለእጄ እንቢ ብሏል። ጓደኛዬ ከዚያን ቀን ወዲህ ባቴን ያመኛል ማለት አበዛ።

ባቱን አላመንሁትም። አንድ የክለባችን ልጅ፣ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ዳገት ሲወጣ አየሁት ብሎኛል። እኛ ዘንድ ልምምድ በጋራ ነው፤ ተራ በተራ እየመራን፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው የሚደብቀው አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ዋዜማውን ብርዜን ራሴ በጠበጥሁ፤ ማር፣ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። የጠርሙሱን ክዳን በነጭ ፕላስተር ጠመጠምሁት፣ ሰው ቢነካው እንዳውቅ። ጠዋት ጓደኛዬ አብረን እንድንሄድ መጣ። እኔ ጫማዬን ሳጠብቅ እሱ በረንዳው ላይ ከጠርሙሱ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ኋላ ጠርሙሶቻችንን ለአዘጋጆቹ አስረከብን፤ እነሱም መንገዱ አጋማሽ ላይ ባለው ጠረጴዛ ደረደሯቸው።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሐይቁ ንፋስ የሚባል የለም፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ጓደኛዬ የራሱን ሊያነሳ ሲል ከእጁ አምልጦ ወደቀበት። እኔ የእኔን አንስቼ ሳየው ፕላስተሩ ተጨማዷል። እኔ እንዲያ አድርጌ አልጠመጥምም። ደነገጥሁ። ጓደኛዬን አየሁት፤ ወደፊት ብቻ ይመለከታል። ለምን ወደ እኔ አያይም?

በአገራችን ብርዝ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ክፉ ነገር እንደሌለበት እንግዳው እንዲያይ ነው። ይህ ትዝ አለኝ።

«እስቲ ቅመስልኝ» አልሁና ጠርሙሱን ሰጠሁት።

እንቢ ቢል ያዝሁት ማለት ነው። እሱ ግን አንዴ አየኝና መዳፉን ሳይዘረጋ ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ፣ እየሮጠ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እስከ መጨረሻው ጨለጠው።

«ተባረክ ወንድሜ» ብሎ ባዶውን ወረወረ።

ከዚያ በኋላ መሮጡን ተውሁና እሱን መጠበቅ ያዝሁ። ሆዱን ይይዛል? እግሩ ይተሳሰራል? ምንም። ጭራሽ እርምጃው ሰፋ፤ ያ የታመመ ባትም ዳነ። እኔ ጉሮሮዬ ደርቆ ኋላ ኋላ ቀረሁ። ይህም ታስቦበት ይሆናል አልሁ። ማን ያውቃል፣ ፕላስተሩን የነካካው ተጠራጥሬ ለእሱ እንድሰጠው ብሎ ይሆናል።

ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ስገባ፣ ከቆሙት ባጃጆች መካከል አባቴን አየኋቸው። በፕላስቲክ ጫማቸው ከመንገዱ ጠርዝ እየሮጡ ተከተሉኝ።

«ብርዝህን ለጓደኛህ ሰጠኸው?»

«ማን አለዎት?»

«ራሱ ነዋ። አሁን ሲያልፍ፣ ልጅዎ ነው ያጠጣኝ አለኝ። ዘምዘም ጨምሬበት ነበርኮ። የሱብሒ ሶላት ሳይደርስ ተነስቸ ጨመርሁልህና ፕላስተሩን መልሸ አሸግሁት።»

ዘምዘሙን አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ከሐጅ ያመጣችላቸው የተባረከ ውሃ ነው፤ «ለመጨረሻ ሕመሜ» ብለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩት፣ ማንንም የማያስነኩት።

«እኔማ ለአንተ ብየ ነበር» አሉ እያለከለኩ። «አንተ ለተጠማ ሰው ሰጠኸው። አላህ ይውደድልህ፣ ከእኔ በለጥህ።»

እሳቸው ደክሟቸው ቆሙ፤ ምርቃታቸው ግን ከኋላዬ ይሰማኛል። ያን ቀን በጣም የፈጠንሁት እዚያ ላይ ነው፤ ከአባቴ ድምፅ ለመራቅ።

ቦታውን ጓደኛዬ ወሰደው። እኔ ዛሬ ሐይቁ ዳር ሳንቃ እይዛለሁ፣ አባቴ ይመታሉ። ጀልባ የሚያሠራ ሰው በመጣ ቁጥር ይህንን ነገር ያወራሉ። «ይኼ ልጄ ከአፉ ነጥቆ ለጓደኛው ያጠጣ ነው» ይላሉ። ሰውየው በአድናቆት ያየኛል፤ እኔ ምስማር የምፈልግ መስዬ አቀረቅራለሁ።

በቅርቡ ግን አንድ ነገር እያስተዋልሁ ነው። ወሬውን ሲጨርሱ አባቴ እንግዳውን አያዩም። መዶሻውን አስቀምጠው እኔን ያያሉ፣ ረዘም አድርገው፣ የምናገረው ያለ ይመስል። ጠርጥሬ እንደሰጠሁት አውቀዋል እላለሁ። ጓደኛዬ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ያኔ ዓባይ ማዶ ላይ ገና ፊቴን ሲያዩ ገብቷቸው ነበር። እንግዳው ከሄደ በኋላም መዶሻውን ሳያነሱ ይጠብቃሉ፤ እኔ ቀጣዩን ሳንቃ አነሳለሁ።