ራዲያተሩን ወደ ፊት የገፋን ጊዜ

በነገሩ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንዱ ልጄ ብሩክ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እጁ ፈጣን፣ ጆሮው ግን ለምክር የዘገየ። ሁለተኛው ኦሞድ ነው፤ የጋምቤላ ተወላጅ፣ የአንዲት አሮጌ ፒካፕ ባለቤት፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር የሚመራ ሰው። ሦስተኛው ሸምሱ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ገበያው አጠገብ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። አራተኛው እኔ ነኝ። መካኒክነትን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። አቦቦ እርሻ ላይ በትራክተር ሥር ተኝቼ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ስሳሳትም በጥፊ እየተመታሁ ነው የለመድኩት።

ጊዜው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ነው፤ ማንጎ ደርሶ መንገድ ዳር የሚከመርበት፣ ሙቀቱም ሰው የሚያሰንፍበት ወር። እስካሁን የሚከነክነኝ በዚያ ወር አንድ ቀን ልጄን በመንገድ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው።

ኦሞድ ማንጎና ደረቅ ዓሣ ጭኖ ጎሬ ይወጣል፤ ሲመለስ ድንችና ጥቅል ጎመን ያመጣል። ሜዳው ላይ መኪናዋ ደህና ናት። እዚሁ ጋምቤላ ካለችው ቦንጋ ወዲያ አቀበቱ ሲጀምር ግን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። አንድ ቀን እኔና ብሩክ ወደምንሠራበት ጋራዥ መጥቶ፣

«ጋሼ፣ ትናንት አህያ ቀደመችኝ» አለ።

«ባዶ አህያ ናት ወይስ የተጫነች?» አለው ብሩክ።

«የተጫነች! ባለቤቷ ደግሞ እጁን አውለብልቦ ቻው አለኝ።»

ብሩክ ከሳቀ በኋላ ተርቦ እንግጠምላት አለ። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ጭሱን ሰብስቦ ተርቦውን የሚሸከመው ብረት ማኒፎልድ ይባላል። ሸምሱ ዘንድ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ተርቦ ከነማኒፎልዱ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ የሟች ሳንባ ነው» አለኝ ሸምሱ፣ አቧራውን በጨርቅ እየጠረገ። «ሟቹ ግን በሳንባ በሽታ አልሞተም፤ ገደል ገብቶ ነው። ስለዚህ አትጠራጠር።»

ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር ልክ ገጠመ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተርቦው ወደ ፊት ስለሚያፈነግጥ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መቀመጫው ላይ አልገባ አለ። ሁለቱ አንድ ቦታ ፈለጉ። ብሩክ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፈረንጅ በግማሽ ራዲያተርና በኤሌክትሪክ ፋን እንዴት እንደሚገላገለው አሳየኝ።

«ያ ሰውዬ የሚነዳው በረዶ አገር ነው» አልኩት። «እዚህ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ያፈላል። ሙሉው ራዲያተር ካልገባ ተርቦው ወደ ሸምሱ ይመለሳል።»

«አንተ ሁልጊዜ አይሆንም ነው የምትለው፣ አባዬ።»

በዚያ ሰሞን ሁለት ጓደኞቹ ዲማ ወርቅ ቁፋሮ ሄደው ነበር። እየደወሉ ያማልሉት ነበር። እኔ ዲማን አልወድም። ወርቅ ያገኘ ሰው ጥቂት አይቻለሁ፤ ሙያውን ጥሎ ሄዶ ጤናውንም ጥሎ የተመለሰ ግን ብዙ። ብሩክ ቁልፉን አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«እንግዲያው ሙሉውን ራዲያተር አስገባዋለሁ። መኪናዋ ሳታፈላ ጎሬ ከደረሰች እዚሁ እቀራለሁ፤ አንተም ከዚያ በኋላ ራሴ ላይ ቆመህ አትቆጣጠረኝም። ካፈላች ግን ዲማ እሄዳለሁ።»

«ይሁን» አልኩ። እናቱ ማታ ስትሰማ፣ «በመኪና ላይ ልጅ ያስያዘ አባት አንተን አየሁ» አለችኝ።

ብሩክ መላውን ራሱ አገኘው። የራዲያተሩን ማሰሪያ ቆርጦ ወደ ፊት በየደው፤ ራዲያተሩ ከመኪናዋ የፊት ፍርግርግ ኋላ ሊለጠፍ ጣት ያህል ቀረው። ፋኑ ከራዲያተሩ ስለራቀ የነፋስ ማቀፊያውን በላሜራ አስረዘመው። ተርቦውንም ትንሽ ወደ ኋላ አዞረው። ሥራው ሳምንት ያህል ፈጀ። ብየዳውን በመዶሻ እየነካካሁ ፈተሽኩ፤ እንከን አጣሁለት። ጎበዝ ልለው ፈልጌ ነበር። ጎሬ ስንደርስ እለዋለሁ ብዬ አቆየሁት። ልጅን ማሞገስ ማባለግ ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ።

የሙከራው ዕለት ጠዋት ኦሞድ ማንጎውን ጭኖ መጣ። ከመኪናዋ ፊት፣ ፍርግርጉ ላይ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ የባሮ ዓሣ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ታስሯል። ጎሬ እህት እንዳለችኝ ያውቃል።

«ለእህትህ ነው፣ ጋሼ። የብሩክ ምስጋና ነው። ፊት ላይ ነፋስ ያገኘዋል፣ አይበላሽም።»

እዚህ አገር ወደ ደጋ ዓሣ የሚወስድ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ኦሞድም ለዓመታት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል፤ ምንም ሆኖ አያውቅም። እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። ብሩክም ጭራው እንዳይንጠለጠል ገመዱን አጠበቀለት። ሦስታችንም ያንን ፍርግርግ አየነው፤ ሦስታችንም ምንም አላየንም።

ሜዳውን እንደ ወፍ በረርን። ኦሞድ እየነዳ ይዘምራል፤ ብሩክ መሃል ተቀምጦ የሙቀት መለኪያዋን ያያል። አቀበቱ ሲጀምር መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ኦሞድ፣ «ያቺ አህያ ዛሬ የት አለች?» ብሎ ጮኸ። ብሩክ ሲስቅ ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲያ ተጠግቶኝ የሳቀበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ መርፌዋ መነሳት ጀመረች። ብሩክ መሳቁን ተወ። ኦሞድ ማርሽ ቀነሰ። መርፌዋ አልወረደችም። ጥግ አስይዘን ስንቆም እንፋሎቱ በኮፈኑ ዙሪያ እየፏጨ ወጣ፤ የፈላው ውሃ ጎማው ሥር ፈሰሰ።

ብሩክ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቧንቧዎቹን አየ፣ ፋኑን አየ፣ ተርቦውን አየ። «አልገባኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም የፈሰሰበት ቦታ የለም፣ አባዬ። ምንም አልገባኝም።»

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴ ግን በቁጣ ወጣ።

«ቪዲዮ ያየ ሁሉ መካኒክ አይሆንም» አልኩት። «የሰውን እንጀራ በጨዋታህ አቃጠልክበት።»

ኦሞድ፣ «ጋሼ፣ ተው እንጂ! መኪናው የኔ ነው፣ እኔ አልተቆጣሁም» አለ። ብሩክ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ትንሿን ቦርሳውን ከውስጥ አወጣ። ከጎሬ የሚወርድ አይሱዙ ሲመጣ እጁን ዘረጋ። መኪናው ቆመለት። ሲወጣ ወደ እኔ አላየም። እኔም አልጠራሁትም። አባት ከተናገረ ወዲያ ልጅን ተከትሎ መሮጥ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ከኦሞድ ጋር ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ኦሞድ አፍንጫውን ቀሰረ።

«ጋሼ፣ ምሳ ምሳ አይሸትህም?»

ሸተተኝ። ሽታው የሚመጣው ከፊት ነበር። ኦሞድ ገመዱን ፈታና ጆንያውን ገለጠው። ጆንያው ራዲያተሩ በኩል ደርቆ ቡናማ ሆኗል። የዓሣው አንድ ጎን ጥሬ ነው። በራዲያተሩ በኩል ያለው ጎን ግን ነጭ ሆኖ በስሏል፤ ፍርግርጉ መስመር በመስመር ታትሞበታል።

ኦሞድ፣ «ጨው ብቻ ነው የቀረው» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን አቆመ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ድሮ ራዲያተሩ ከፍርግርጉ ርቆ ስለሚቀመጥ ነፋስ ከዓሣው ጎንና ጎን ይገባለት ነበር። አሁን ወደ ፊት ገፍተነው ከፍርግርጉ ጋር ሊለጠፍ ጣት ያህል ቀርቶታል፤ ያ ትልቅ ዓሣ ከነእርጥብ ጆንያው እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው። በዚያ ላይ የተርቦው ሙቀት አለ፣ አቀበቱ አለ። የልጁ ሥራ ምንም አልጎደለውም።

ስልኬን አወጣሁ። አቀበቱ ላይ ኔትወርክ የለም።

ውሃ ሞልተን ስናስነሳት ነጭ ጭስ ተፋች። የሞተሩን መጋጠሚያ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ በኋላ ስንፈታው የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታውም ተሰንጥቆ አገኘነው። በማግስቱ በሌላ መኪና ተጎትተን ጋምቤላ ገባን። ማንጎው መንገድ ላይ ተበላሸ። ቤት ስደርስ ብሩክ ልብሱን ይዞ በማለዳው ሄዷል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ውሃ ሰጠችኝና ገባች። ስልኩ ላይ ስደውል ዝግ ነው።

ሸምሱ አሮጌ ቴስታታ ፈልጎ አመጣልን። ራዲያተሩን ብሩክ የበየደበት ቦታ ላይ መለስኩት፤ አንዲት ብሎን እንኳ አልቀየርኩበትም። ከዚያ ከኦሞድ ጋር እንደገና ወጣን፤ ፊቷ ባዶ ነው፣ ጭነቷ ሙሉ ነው። ጎሬ ስንደርስ መርፌዋ ግማሽ ላይ ነበረች። ኦሞድ ሊያቅፈኝ ፈለገ፤ እኔ መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ አልኩት።

ይህን በስልክ መናገር ስላልፈለግሁ ዲማ ድረስ ሄድኩ። ብሩክን ያገኘሁት ከጉድጓድ ሲወጣ ነው፤ ከእግሩ እስከ ፀጉሩ ጭቃ ነው። የዓሣውን ነገር ነገርኩት። ጎሬ መድረሳችንን ነገርኩት። ሥራህ ትክክል ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት። በሕይወቴ ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

የፊቱን ጭቃ በክንዱ ጠረገ። ከዚያ፣ «መርፌዋ የት ነበረች?» አለ።

«ግማሽ ላይ።»

«ከግማሽ በታች መሆን ነበረባት» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «የላሜራው አንድ ጥግ ክፍተት ሳይኖረው አይቀርም። እየው።»

«መጥተህ እየው።»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድጓዱን የያዝነው ለሦስት ነው፣ አባዬ። ተጀምሯል። የጀመርከውን ሥራ ጥለህ አትሂድ ያልከኝ አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው፤ ብዬዋለሁ። አሁንም አምንበታለሁ። ስለዚህ ተሰናብቼው ብቻዬን ተመለስኩ። የላሜራውን ጥግ ሳየው በእርግጥ ክፍተት ነበረው።

ይህን የምጽፈው ለአባቶች ነው። መኪና ሲያፈላ ልጃችሁን ከመናገራችሁ በፊት ወርዳችሁ ፊቷን ዞራችሁ እዩ። እኔ ተናግሬ ነው የወረድኩት። አሁን ስለዚያ ቀን ሳስብ ንዴቱ የለም፤ ያለው ድካም ብቻ ነው፣ በእንቅልፍ የማይወጣ ዓይነት። ብሩክ በወር አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ስለ መኪናዋ ይጠይቀኛል፣ እኔ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኦሞድና እኔ ወጪውን ለመካፈል ሸምሱ ሱቅ ተቀመጥን። ሸምሱ በስልኩ ደመረው፤ ቴስታታውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የመጎተቻውን፣ የማንጎውን፣ ኦሞድ ያለ ሥራ የቆመበትን፣ እሱ ራሱ ከዕቃው ላይ የቀነሰልንን፣ የዲማ ትራንስፖርቴን ሳይቀር። አንድ መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ ብር ሆነ።

«ሌላ የቀረ አለ፣ ጋሽ ታደሰ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።