ስልኬ ዝግ ከሆነ ተነስተናል

አባቴ በሕይወታቸው አንድም ቀን አውሮፕላን አልተሳፈሩም። በወጣትነታቸው ግን የደብረ ታቦር አውሮፕላን ሜዳ ጥበቃ ነበሩ። ሥራቸው ብዙ አልነበረም። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከሜዳው ላይ ከብት ያባርራሉ፣ ከዚያም ነጭ አንሶላ ሣሩ ላይ ዘርግተው አራቱን ጫፍ በድንጋይ ይጭናሉ። አንሶላው ከታየ ሜዳው ነጻ ነው፣ ማረፍ ይቻላል ማለት ነው። እኔ ስወለድ ያ አውሮፕላን መምጣት ከተወ ቆይቷል። ሜዳውን የማውቀው የከብት መዋያ ሆኖ ነው። አባቴ ግን በዚያ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ወደ ላይ ያያሉ። እኔና ወንድሜ በዚህ እንስቅባቸው ነበር።

ጂኦግራፊ ተምሬ ባሕር ዳር ሥራ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። መሥሪያ ቤታችን የደቡብ ጎንደርን የተራቆቱ ተዳፋቶች ከአየር ላይ ፎቶ ለማንሳት ከአንድ ባለሀብት ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ካሜራው ከሆዷ ሥር ተገጥሟል፤ ከአብራሪው ጎን ግን ወንዙንና ቀበሌውን በስሙ የሚነግረው የአገሩ ሰው መቀመጥ ነበረበት። አለቃዬ "አንቺ የደብረ ታቦር ልጅ አይደለሽ?" አለኝ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ዝም ስል እሺ ያልኩ መሰለው።

በበረራው ዋዜማ ማታ ወደ ቤት ደወልኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ ቤቱን የያዘችው ታናሽ እህቷ ናት፤ አክስቴ ስልኩን አንስታ ለአባቴ ሰጠቻቸው። አባቴ ከክረምቱ ጀምሮ የልብ ድካም ይዟቸው ከቤት ብዙ አይወጡም ነበር።

"ከፊት ነው የምትቀመጪው?" አሉኝ።

"ከፊት ነኝ፣ አባዬ። ከአብራሪው ጎን።"

"እኔ ከብት ሳባርርለት የኖርኩት ነገር ላይ አንቺ ልትቀመጪ" ብለው ሳቁ፤ ትንፋሽ አጠራቸውና ሳቁ ተቋረጠ። "አንሶላ እዘረጋልሻለሁ። አለዚያ ቤቱን አትለይውም። ከላይ ሲታይ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ነው።"

"ብርድ ነው፣ አይውጡ። ሐኪሙ ምን አለ?"

"ሐኪሙ አውሮፕላን አይዩ አላለኝም።"

ሲያሸንፉኝ ዘዴ ነው ያልኩትን አንድ ነገር ፈጠርኩ። "እንግዲያው ቀድመው ወጥተው ብርድ አይምታዎት። ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳለን። አየር ላይ ስልክ አይፈቀድም። ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ዝግ ከሆነ ተነስተናል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን። ያኔ ይውጡ።"

"ዝግ ከሆነ ተነስታችኋል" ብለው ደገሙት። እንደ ሥራ ትእዛዝ ነው የተቀበሉት።

በማግስቱ ጠዋት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አብራሪው ቀበቶዬን አጥብቆ አሰረልኝ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚሆንለት ሰው ነበር። ስለ ስልክ ሲናገር ግን አልቀለደም።

"ስልክሽን ዝጊው፣ እህቴ። ይቺ ትልቁ አውሮፕላን አይደለችም። ስልክ ከተከፈተ እዚህ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፤ የመቆጣጠሪያው ማማ የሚለኝን አልሰማም። ደግሞም አንቺ ስታወሪ እኔ ማዳመጤ አይቀርም። ወሬ እወዳለሁ።"

ዘጋሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ወዲያው ከማማው የጉና ተራራ አካባቢ በደመና መሸፈኑ ተነገረንና ጠብቁ ተባልን። አብራሪው ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ከፈተ። "ጉና ካባውን አላወለቀም" አለ። ወርዶ ሻይ አስመጣ። ለእኔም ሰጠኝ። ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ክንፉን ተደግፎ ከሚስቱ ጋር ረጅም ወሬ ያዘ። በመስኮቱ አየዋለሁ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። ስልኬን ከፍቼ "አባዬ፣ ዘግይተናል፣ አይውጡ" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ዝጊ ብሎኛል፤ ክፈቺ አላለኝም። እንደገና ብጠይቀው ደንብ ያልገባት ልጅ እመስለው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሁን እነሳለን፣ አሁን እነሳለን እያልኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከነቀበቶዬ ተቀመጥኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያው ከላይ የፈሰሰ እህል ይመስል ነበር። ስሙን ነገርኩት። የወንዞቹን ስም ነገርኩት። ድምፄ ማዳመጫው ውስጥ የሌላ ሰው ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ደብረ ታቦር ስንቀርብ አንድ ሐሳብ ገባኝ፦ አባቴ ሰልችቷቸው ወደ ቤት ገብተው ይሆናል። ያን ሁሉ ጠብቀው፣ በስተመጨረሻ ሳያዩኝ ላልፍ ነው። ስልኬን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ካለው ካርታ ሥር ደብቄ ከፈትኩት። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተደውሎልሽ ነበር የሚሉ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ሁሉም ከቤት ነው። ቸኩለዋል ብዬ ፈገግ አልኩ።

"ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ" አለ አብራሪው። "ስልክ ነው?"

ፊቴ ጋለ። "አባቴ ናቸው" አልኩት። "ታመዋል። ውጭ ሆነው ይጠብቁኛል፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።"

ዞር ብሎ አየኝ። "ታዲያ መሬት ላይ ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ ምን አፍሽን ያዘው?" አለ። ወደፊት እያየ "በይ ደውዪ። አሁን ማማው አይፈልገኝም። አጭር ይሁን" አለኝ።

ማዳመጫውን ካንድ ጆሮዬ አንስቼ ደወልኩ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ስልኩ መነሳቱን ያወቅሁት ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ መቁጠር ሲጀምር ነው። እኔ ጮክ ብዬ የማላውቀው ጮህኩ። "መጣን፣ ደርሰናል። አባዬን አስወጡልኝ። ወደ ላይ ይዩ በሏቸው።" ሰከንዶቹ ትንሽ ቆጥረው ቆሙ። ምን እንደተመለሰልኝ አልሰማሁም።

ቤታችንን ያወቅሁት በአንሶላው ነው። ቆርቆሮው እውነትም አንድ ነበር። ከቤቱ ጎን ሣሩ ላይ አንድ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን፣ ከጎኗ አንድ ወንበር። ግቢው ደግሞ በሰው ሞልቷል፣ እስከ መንገዱ ድረስ፣ ሁሉም ነጠላና ጋቢ የለበሰ።

አብራሪው አውሮፕላኗን ወደ እኔ በኩል አዘነበላት። "ሠርግ አለባችሁ እንዴ?"

"ጎረቤቶች ናቸው" አልኩት። "እኔን ሊያዩ ወጥተው ነው።" ይህን በመናገሬ አፈርኩ።

በዚያው ቅጽበት ከሕዝቡ መሀል አንድ እጅ ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ግቢው በሙሉ እጁን አነሳ። እኔም መስታወቱ ላይ እጄን አነሳሁ።

"ሚኒስትርም ቢመጣ እንዲህ አይቀበሉት" አለ አብራሪው። ሳቅሁ። ያን ሳቅ አሁንም አልረሳውም። አባቴን ከሰው መሀል ፈለግኋቸው። ወንበሩ ባዶ ነው። ቆመው ይሆናል አልኩ። ሳልለያቸው ከተማው ከኋላችን ቀረ፣ ሥራችን ወደሚቀጥልበት ወደ ገሳይ አቀናን።

ባሕር ዳር እንዳረፍን ደወልኩ። ወንድሜ አነሳ።

"አዩኝ?" አልኩት።

"አየንሽ" አለ። "ደህና ነን። አባዬ ትንሽ ደክሟቸዋል። ነይ።"

"ትንሽ ደክሟቸዋል፣ ነይ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። የራስ ሲሆን ግን ሁሉም ያምነዋል። እኔም አመንኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ጠዋት ባለመደወሌ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃቸው እያሰብኩ ሄድኩ። የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን አየሁ። ቀብሩን ለእኔ ብለው አቆይተውት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል አክስቴን ሁሉንም እንድትነግረኝ ለመንኳት። ነጠላዋን እያጠበቀች፣ ሳታየኝ ነገረችኝ።

"ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉልሽ። ዝግ ነው አለ። 'ተነስታለች' ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። አንሶላውን እኔ ልዘርጋ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ድንጋዩንም ራሳቸው ናቸው የጫኑት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ይግቡ ብላቸው 'አሁን ብገባ ታልፈኛለች' አሉ። ይደውላሉ፣ ዝግ ነው። 'አየሽ፣ ሰማይ ላይ ናት' ይሉኛል። ነፋሱ ብርድ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲያ ቆዩ። በኋላ አንገታቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉ። ወደ ላይ የሚያዩ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ስደውልስ?"

"ለቅሶ ላይ ነበርን። አባዬን አስወጡልኝ ትያለሽ። ምን ልበልሽ? መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። አንቺ ደግሞ መንገድም ላይ አይደለሽ። ሴቶቹን ዝም በሉ አልኳቸው። እጃችሁን አንሱላት፣ እንዳትጠረጥር፣ እዚያ ላይ ሆና እንዳትደነግጥ አልኩ። ቄሱም መስቀላቸውን አነሱልሽ።"

አንሶላው አሁንም ከነድንጋዩ ሣሩ ላይ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ያልፍ ነበር እንጂ ሊረግጠው የደፈረ አልነበረም። ሄጄ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ከሥሩ ሣሩ መገርጣት ጀምሯል። አክስቴ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ፣ አብረን አጠፍነው።

ሐኪሙ በኋላ ልባቸው በማናቸውም ቀን ሊቆም ይችል እንደነበር ነግሮናል። ዘመዶቼም ቀኑ ደርሶ ነው ይሉኛል። አምናቸዋለሁ፣ ብዙውን ጊዜ።

"ተቀይመውኝ ነበር?" አልኳት አክስቴን፣ አንሶላውን ደረቴ ላይ ይዤ።

"በምን?" አለች። "የጎረቤቱን ሰው ሁሉ እየጠሩ 'ልጄ ደንብ ታከብራለች፤ ይኸው ስልኳን ዘግታለች' ሲሉ ነበር እንጂ።"

ያን ሲሉ እኔ መሬት ላይ ነበርኩ፤ ስልኩም እግሬ ሥር።