ሰብለ በቀጥታ ስርጭት የዘፈነች ዕለት

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከአንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጨ ማንጎ ስጠጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያን የተሰጥኦ ውድድር ዝግጅት እንደገና እንደጀመሩት አሳየኝ። አቅራቢው ብቻ ተለውጧል፤ ከባሕር ማዶ እንዳለ ተቀድቶ የመጣው መድረክ፣ የሚንቦገቦገው መብራት፣ ዘፈኑን ከጭፈራውና ከቀልዱ ጋር ማቀላቀሉ፣ ሁሉም ያው ነው። አቅራቢው «በቀጥታ!» ብሎ ሲጮህ ብርጭቆየን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

ዝግጅቱ መጀመሪያ በወጣ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር «እስቲ ዝፈኝላቸው» የሚለኝ፣ በግቢው ውስጥ በድምፄ የምታወቅ ልጅ ነበርሁ፤ ሰብለ እስክትመጣ ድረስ። ሰብለ የጎረቤታችን የእትየ ዘነቡ የወንድም ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከጣና ደሴት፣ ከደቅ፣ በጀልባ መጥታ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ልብስ እያጠበች፣ አባቷ ታንኳ ሲቀዝፉ የሚሉትን እንጉርጉሮ ቀስ ብላ ስታንቆረቁረው፣ ከቧንቧው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ባልዲያቸው ሞልቶ ሲፈስ ልብ አይሉም ነበር። እኔ ስዘፍን ግን የማንም ባልዲ ፈስሶ አያውቅም። ወደድኋት፤ ደብተሬንም ምሳየንም ተካፈልን፤ ቅናቱም እዚያው፣ ከፍቅሩ ጋር አንድ ላይ አደገ።

የዝግጅቱ ሰዎች ተወዳዳሪ ሊመርጡ ባሕር ዳር ሲመጡ የተመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ ሰብለ ቦርሳየን ልትይዝልኝ ነበር የመጣችው። እኔን ከሁለተኛው ስንኝ ላይ «እናመሰግናለን» ብለው ሸኙኝ። እሷን «አንቺስ?» ሲሏት እንደ ዋዛ የአባቷን እንጉርጉሮ አለችላቸው፤ በአዳራሹ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው እንኳ ጠፋ። አዲስ አበባ ትምጣ ተባለ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጣና ዳር ቁጭ ብለን፣ እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን፣ ምን ብዘፍን ይሻላል ብላ አማከረችኝ።

«የአባየን እንጉርጉሮ ልበል?»

«ኧረ ተይ! የገጠር ነው ብለው ይስቁብሻል። ፈጠን ያለ፣ የሚያስጨፍር በይ።»

እንደማይሆናት አውቄ ነው ያልሁት። እሷ ግን አቅፋ ሳመችኝ።

ቀኑ ሲደርስ ግቢው በሙሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። እትየ ዘነቡ «በቀጥታ» ሲባል እኛንም ያዩናል ማለት መስሏቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከፊት ተቀመጡ። ሰብለ ወጣች፤ የነገርኋትን ዘፈነች። ትንፋሽ አጠራት፣ ሙዚቃው ቀድሟት ሄደ፤ ቀጥታ ነውና ቆርጦ የሚያስቀርላት አልነበረም።

«ድምፅሽ ግሩም ነው፤ ዘፈኑ ግን ያንቺ አይደለም። ማን መረጠልሽ?» አለቻት ከዳኞቹ አንዷ።

ጆሮየ ጋለ። አባቴ ሳይቀር ቤቱ ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ።

«ራሴ ነኝ» አለች ሰብለ።

እትየ ዘነቡ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየልኝም።

ስትመለስ አልተቆጣችም። «ስምሽን ብጠራ አንቺን ይወቅሱብኛል ብየ ነው» አለችኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ወሬውን ወደ አዲስ አበባ አዞርሁት። ከዚያ ወዲያ ልብስ የምታጥበው ዝም ብላ ሆነ። ግቢው እንደ ተመኘሁት የእኔ ብቻ ሆነልኝ፤ አባቴ «ዝፈኝ» ሲለኝ ግን ድምፄ ለራሴው አስጠላኝ። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ወደ ደቅ ተመለሰች።

ዐምና ከጀልባ መሳፈሪያው ላይ አገኘኋት። ሴት ልጇን ይዛለች፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዓይኗ ቁርጥ የእናቷ። ሰብለ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። 

«ልጅሽስ ትዘፍናለች?» አልኋት።

«ከማን ሰምታ?» አለችኝ እየሳቀች፤ ልጇን አቅፋ ጀልባው ላይ ወጣች።