እጅጌው የተለያየ ካፖርት

የልብስ ፋብሪካው ሰዎች «እትዬ መቀስ» ይሏታል። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ያ ደግ ዘመን ለካፖርትም ዕድሜ ነበረው፤ ለአባት ይሰፋል፣ ፊቱ ሲነጣ ተተርትሮ ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ኋላም ጠቦ ለልጅ ይደርሳል። «ልጄ፣ ልብስ በስፌቱ ይፈታል እንጂ ገላው አይቀደድም» ይላት ነበር አባቷ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

እሷ ፋብሪካ የገባች ዕለት፣ አባቷ በወር የሚጨርሰውን ማሽኖቹ ሻይ ጠጥታ እስክትመለስ ሲተፉት አየችና እጇን ባፏ ጫነች። «ይህ ሁሉ እየተሰፋማ ከእንግዲህ የሚበርደው ሰው አይኖርም» አለች በየዋህነቷ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ወጣቱ ተቆጣጣሪ ወደ ኋለኛው መጋዘን ወሰዳት። በሩ ሲከፈት ክው ብላ ቀረች። ካፖርት! ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆለለ፣ የሰው ገላ ያልነካው አዲስ ካፖርት። ተራራ ነው እንጂ ክምር አይባልም።

«ያልተሸጠ ነው፣ እትዬ። ማንም እንዳይለብሰው አድርገሽ ቁረጪው።»

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋ?»

«ምንም። በርካሽ ከወጣ ያዲሱን ዋጋ ይሰብረዋል።»

«ስንት የሚበርደው ሰው እያለ?»

«የሚበርደው መች ገዛንና!» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በጥርሱ ብቻ ነበር።

ብቻዋን የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሏት፤ እምቢ ብትል በማግስቱ መቀሱን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ስለዚህ ያዘችው። ይሁንና እጇ የአባቷ እጅ ሆነባትና ደህና ጨርቅ መሸርከት አቃታት። ስፌት ስፌቱን እየተረተረች እጅጌውን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ፣ ገበሩን ለብቻ ጣለችው። እጅጌ የሌለው ካፖርት መቼም አይለበስም፤ ትእዛዙ ተፈጽሟል። እንዴት እንደተፈጸመ ቢታወቅባት ግን ከሥራዋ መባረሯ ነው። ቁርጥራጩንም ጨርቅ በኪሎ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ጭኖት ሄደ።

ብርዱ በገባ ሰሞን አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። አትክልት ሻጯ ካፖርት ለብሳለች። መንገድ ጠራጊው ለብሷል። የአውቶቡሱ ረዳት ሳይቀር ለብሶ በመስኮቱ ይጮሃል። የየሰፈሩ ሴቶች ቁርጥራጩን ከነጋዴው ወስደው መልሰው ገጣጥመውት ኖሯል! ተደባልቆ ስለነበረ ግን አንዱ እጅጌ ግራጫ፣ አንዱ ቡናማ ነው። እትዬ መቀስ ተራራው እግር አውጥቶ ሲሄድ ያየች መሰላት። ልቧ በደስታ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ወደ እሷ እንዳይመራ ፈራች።

የፈራችው አልቀረም፤ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ያው ባለ ሁለት መልክ ካፖርት ተዘርግቷል።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ» አለች፤ መዋሸት አልሆነላትም።

«ታዲያ ይህን ፋሽን እያወቅሽ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ከተማው አብዶለታል እኮ! የሀብታም ልጅ ሁሉ እጅጌው የተለያየ ካፖርት አምጡ እያለ ነው። እኛም በገፍ እናወጣዋለን፣ በውድ ዋጋ። ስፌቱን የምትመሪው አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሳቅም ማልቀስም ተሳናት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ድኻ ከጥራጊ ያዳነውን ማሽኑ መልሶ ውጦ፣ በወርቅ ዋጋ ሊተፋው ነው። ይህ ሆድ ከቶ የማይውጠው ነገር ይኖር ይሆን?

«እሺ» አለች በመጨረሻ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ሳይሸጥ የተረፈውስ፣ ጌታዬ?»

«እንደ ወትሮው ነዋ፤ ይቆረጣል።»

«እንግዲያው መቁረጡን ለሌላ ሰው አይስጡብኝ።»

«ምነው፣ ሥራ አነሰሽ?» ብሎ ሳቀባት፤ ፈቀደላትም።

ወደ ማሽኗ ተመልሳ ግራጫውን እጅጌ ካንዱ ትከሻ፣ ቡናማውን ከሌላው ገጠመች። ክሩን ላላ አደረገችው፤ የሚመጣው ብርድ ሲደርስ ለመተርተር እንዲመች።