ፈረንሳይኛ የማይችሉት አባ ያረሙልኝ አሳይመንት

ዛሬ ጠዋት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ... ሦስት ሰዓት ላይ ግቢ ፕረዘንቴሽን አለብኝ። ስለ መነኮሳት የተጻፈ አንድ የፈረንሳይኛ ግጥም ቅርጹንና ስልቱን መተንተን ነው። ካበላሸሁት ኮርሱን እደግመዋለሁ፤ መምህራችን ላይ ደግሞ ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠዋል። ገና ከመናኸሪያ ሳንወጣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደምማር፣ የዘንድሮ ድንች እንዴት እንደሆነ... ሁሉንም ጠይቀው ጨርሰዋል። ሃያ ዓመት ቅኔ እንዳስተማሩም ነግረውኛል። እኔ በሆዴ «አባ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉኝ» እያልኩ ወረቀቴን አወጣሁ።

«ምንድነው እሱ ልጄ?»

«ግጥም ነው አባ። ስለ መነኮሳት ዝምታ ነው፣ የፈረንሳይ።»

«እስቲ ምን አልሽበት?»

የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። «ይህ ግጥም ቤት አይመታም፤ ስንኞቹም ልክ የላቸውም...»

ፊታቸውን አጨማደዱ። «ግጥሙን በራሱ ቋንቋ አሰሚኝ።»

አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው የሚኒባሱን ወለል ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። ደግመው አስነበቡኝ... ለሦስተኛ ጊዜም። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

«ቤት አይመታም ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

አፈርኩ... ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስተነትን የከረምኩት ስልኬ የተረጎመልኝን አማርኛ ነው። ፈረንሳይኛውንማ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብዬ አላነበብኩትም።

«ሦስቱ ስንኝ ይረዝማል፣ አራተኛው እጥር ይላል። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው» አሉ አባ። «ሰውዬው መነኮሳቱ ዝም አሉ ብሎ አይተውም፤ በአጭሩ ስንኝ እሱም አብሯቸው ዝም ይላል። ጎበዝ ነው።»

ደስታዬ ልክ አጣ። እንጅባራ እስክንደርስ እሳቸው እያሉኝ እኔ በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩ። ስንወርድ ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ግቢ በረርኩ።

ሳቀርብ መምህሬ መነጽሩን አወለቀ።

«የአጭሩን ስንኝ ነገር ከየት አመጣሽው?»

«ከዳንግላ ሚኒባስ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቅ የማያውቀው ሰውዬም ሳቀ። አለፍኩ።

ግጥሙ መነኩሴ ዝም ይላል ነው የሚለው... ተመስገን፣ የእኔው አባ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ አንዴም ዝም አላሉም።