ሽምብራ አጥንት ያወጣበት ነሐሴ

ሲሞስ ልኳንዳ ቤቱን የዘጋው ወዶ አይደለም። ትከሻው ነው የዘጋበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በግ ሲሸከም የኖረ ትከሻ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። ሐኪሙም «ከእንግዲህ ከዳቦ የከበደ ነገር እንዳታነሳ» አለው። እኔ የደሴቷ መንደር ዳቦ ጋጋሪ ስለሆንኩ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጥሮ ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳኝ። ሐኪሙን ያናገርኩት እኔ ይመስል!

ሚስቱ አኔዚና የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋ አትበላም። ለምን ሲሏት «ይሸተኛል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላትም። እንዲህ ያለች ሴት ልኳንዳ ነጋዴ ማግባቷን እናቶቻችን እስኪሞቱ ድረስ ሲስቁበት ኖረዋል። በሠርጓ ቀን ስድስት ፍየል ታርዶ ሙሽሪት ዳቦ በወይራ ዘይት እያጠቀሰች ስትበላ፣ እንግዶቹ «አቤት አይናፋርነት!» አሉ። አይናፋርነቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ። ቀኑን ሙሉ ለሲሞስ ደንበኞች ሥጋ ስትመዝን ትውልና ቤቷ ስትገባ እጇን በሎሚ አሽታ ሽምብራዋን ትበላለች።

ልኳንዳው በተዘጋ በሁለተኛው ወር፣ ሲሞስ ቡና ቤት ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት፣ አኔዚና ባዶውን ቤት ኖራ ቀባችው። በጎቹ ይሰቀሉበት በነበረው መንጠቆ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ሰቀለች። ስድስት ጠረጴዛ አስገባች፤ ምግብ ቤት ልታደርገው ነው። የድሮውን ሰሌዳ አላስወረደችውም። «ሥጋ» ከሚለው ትልቅ ቀይ ጽሑፍ በፊት በሰማያዊ ቀለም «ያለ» የሚል ጨመረችበት፣ አበቃ።

ቡና ቤቱ ከምግብ ቤቱ ትይዩ ስለሆነ ሲሞስ የሚሸሽበት አልነበረውም።

«ሲሞስ፣ ቤትህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለው ዓሣ አጥማጁ ዘኖስ።

«ማንበብ ረሳህ?»

«ያለ ሥጋ ይላል። እዚያ ቤት ምን ሊበላ ነው ታዲያ?»

«ቅጠላ ቅጠል።»

«አንተስ ሥራህ ምንድን ነው? ጎመኑን አጋድመህ ታርዳለህ?»

ቡና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሲሞስ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። የሚሄድበት ስላልነበረው ተመልሶ ገባና ጨዋታውን ቀጠለ።

አኔዚና ግን ብልህ ናት፤ ምግብ ቤቷን የከፈተችው ዐቢይ ጾም በገባ ሰኞ ነው። ደበርጃን በቲማቲም፣ ዝኩኒ ጥብስ፣ የሽምብራ ኳስ፣ ባቄላ በእንስላል። መንደሩ በሙሉ ገባላት። ቄሳችን አባ ፓርቴኒስ ራሳቸው በሳምንት ሦስት ቀን ይመጡ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ ወደ በጉ ሮጠ፤ ስድስቱ ጠረጴዛዎች ባዶ ቀሩ።

«አባ፣ ምነው ጠፉ?» አለቻቸው መንገድ ላይ።

«ልጄ፣ ጾም እኮ ተፈታ። ሰው ሳይታዘዝ ለምን ይጾማል?»

ሲሞስ ይህን ሁሉ ከቡና ቤቱ መስኮት ያያል። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ስትጠርግ፣ መርከብ መጣ አልመጣ ብላ ወደ ወደቡ ስታይ ያያል። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠና «ያኩሚ፣ ይቺ ሴት ልቧ ሊሰበር ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ገብተህ አግዛት።»

«ምን ብዬ ላግዛት? ሰው አጥንት ሳይግጥ ይጠግባል? ምግቡ ነፍስ የለውም! ነፍስ!»

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት መናገር አለብኝ። በእኛ ደሴት የእሁድ ሽምብራ የሚበስለው በእኔ ምድጃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ቤት ሽምብራውን ከሽንኩርት፣ ከዘይትና ከዝናብ ውኃ ጋር በሸክላ ድስት አድርጎ ክዳኑን በሊጥ መርጎ ያመጣልኛል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይወስዳል። የአኔዚናን ሁለት ትልልቅ ድስቶች የሚያመጣው ሲሞስ ነበር፤ በእጅ ጋሪ፣ ትከሻውን እየረገመ። ከዚያ ወሬያችን በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጋሪውን አቁሞ ግራ ቀኙን አየና፦

«ያኩሚ፣ ፊትህን አዙር» አለኝ።

«ለምን?»

«አዙር ስልህ አዙር!»

አዞርኩ። ግን እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ መጥበሻ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። በመጥበሻው ውስጥ ሲሞስ ከኮቱ ስር ጠርሙስ ሲያወጣ፣ ሊጡን በቢላዋ ሲፍቅ፣ የበግ አጥንት መረቅ በሁለቱም ድስት ላይ ሲያንቆረቁር አየሁት። ከዚያ ሊጡን መልሶ መረገው፤ እንዴት ያለ ጥንቁቅ አመራረግ! በነጋታው ሁለት የበግ ጎድን በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። እኔም በላሁት። ምላሴ የታሰረው በዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ።

ምን ልበላችሁ፣ ያ ሽምብራ ሰው ሰበሰበ። በሰኔ እንግዶች ከመርከብ ሲወርዱ ስለ አኔዚና እጅ መስማት ጀመሩ። ከአቴና የምትመጣ ኡራኒያ የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ አለች፤ ሃያ ዓመት ሥጋ ቀምሳ የማታውቅ፣ ለዝንብ እንኳ የምትራራ። ሦስት ሳህን በልታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እትዬ አኔዚና፣ ምስጢሩን ንገሪኝ። ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ምንም! ትዕግሥት ብቻ» ትላለች አኔዚና፣ ፊቷ እየቀላ። ቤት ስትገባ ትዘፍናለች። ሲሞስም ዘፈኗን ሰምቶ ጢሙን ያሻሻል፤ የደስታዋ ባለቤት እሱ ብቻ እንደሆነ እያሰበ። እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ከአባ ዓይን እሸሻለሁ።

ነሐሴ ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። «አሁንስ ተው» አልኩት ሲሞስን። «ይሄ ጾም ነው፣ ሰው ጾም ታስገድፋለህ።»

«ካቆምኩ ጣዕሙ ይቀየራል። ታውቃለች። ምን አባቴ ላድርግ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገብቶበታል፤ መውጫው ግን ጠፍቶታል። በዚያ ቅዳሜ ዘኖስ ከበር ላይ ሲጣራ ሰማና በድንጋጤ መረቁን በጨርቅ ሳያጠል ከነስብርባሪው ገለበጠው።

እሁድ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አባ ፓርቴኒስ የማዕዘኑን ጠረጴዛ ይዘዋል፤ ኡራኒያ ከአጠገባቸው ናት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አባ ሦስተኛውን ማንኪያ ሲጎርሱ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ሰደው ጥፍር የምታህል ነገር አወጡና በሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት።

«አኔዚና ልጄ» አሉ በቀስታ፣ «ሽምብራ አጥንት አለው እንዴ?»

አኔዚና ጎንበስ ብላ አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ የመዘነች ሴት ናት፤ የበግ ጎድን ስብርባሪ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ቀና ስትል በቀጥታ ወደ ሲሞስ አየች። ሲሞስ ጣሪያውን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ሲሞስ» አለች።

ሲሞስ ተነሣ። ይህን የመሰለ ግዙፍ ሰው እንደ ተቀጣ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሁሉንም ተናገረ፤ ጠርሙሱን፣ ቢላዋውን፣ ሊጡን። የእኔንም ስም ለመጥራት አልሰነፈም። ኡራኒያ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንስታ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። አንዲት ቃል ብትሳደብ ይሻለን ነበር።

አባ ፓርቴኒስ ወደ ሲሞስ ዞሩ። «መንደሩን ሁሉ በጾም ሥጋ አበላኸው። እኔን ጨምሮ! ቤት ለቤት ዞረህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። እስከ ገና ደግሞ ሥጋ የሚባል በአፍህ አይዙር።»

«እስከ ገና? አባ፣ የመስከረም ሠርጎችስ?»

«አሁን እስከ ፋሲካ ሆነ።»

እኔም እኩል ተቀጣሁ። ዘኖስ በእያንዳንዱ ደጃፍ «የአጥንቱ ጌቶች መጡ!» እያለ ከኋላችን ተከተለን።

አኔዚና ምግብ ቤቱን ዘጋች። ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን፣ ሲሞስ እንደነገረኝ፣ ወጥ ቤት አስገብታ ወንበር ሰጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኔን ሽምብራ፣ ያንተ መረቅ ሳይገባበት፣ ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

አሰበ። በልጆቹ ክርስትና፣ በየጾሙ፣ በየእሁዱ አሰበ። ሁልጊዜ ሽምብራ ሲቀርብ እሱ ወይ ሌላ ነገር ቀድሞ በልቷል፣ ወይ በጾሙ «ዓሣ በልቻለሁ» ብሎ አሳልፎታል።

«አልቀመስኩም» አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያንተን ሥጋ ሸጥኩልህ። አንዲት ድስት ብቻ የኔ ትሁን አልኩ። እሷንም ሳትቀምሳት አረምካት።»

ሲሞስ ይህን ሲነግረኝ እኔ ዱቄት የገባበት አስመስዬ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ አኔዚና ሳህን አቀረበችለት። አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ሌላ ጎረሰና፦

«ጨው አንሶታል» አለ።

በፎጣ ጀርባውን አቀመሰችው። እሱ ግን ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሁለተኛ ጠየቀ።

ምግብ ቤቱ እንደገና ሲከፈት ሰው ግማሽ ነበር። ጣዕሙ ቀነሰ ያለ አለ፤ አሁን ነው የጣፈጠ ያለም አለ። ዘኖስ «ለኔ አጥንቱን ለብቻ አምጡልኝ» ብሎ ተባረረ። አኔዚና ሲሞስን ሽንኩርት አስላጠችው፤ ከዚያ ሽምብራ አስለቀመችው፤ ብርዱ ሲገባ ራሱ ድስት መጣድ ጀመረ። ልኳንዳ ነጋዴን ልማዱ አይለቀውም፤ ሽምብራውን በመዳፉ ይዞ በብርሃን አገላብጦ እያየ «ይሄ ያረጀ ነው፣ ይሄ ለጋ ነው» ይላል።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ኡራኒያ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። አኔዚና ልትቀበላት ስትወጣ ኡራኒያ በእጇ አስቆመቻት።

«እትዬ አኔዚና፣ አንቺን አምንሻለሁ። ግን ድስቱን ጋሽ ሲሞስ ይጣደው።»

«ሲሞስ? ምነው?»

«አንዴ የተያዘ ሌባ ከዘበኛ ይሻላል።»

ሲሞስ ከወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሰማ። የተሰደበም የተሾመም መሰለው፤ የቱ እንደሆነ ዛሬም አልወሰነም። ያን ቀን ግን ሳህኑን ራሱ አቀረበላት፣ አጠገቧም ቆሞ የመጀመሪያውን ማንኪያ እሱ ጎረሰ። እሷም በላች። ስትጨርስ «ደህና ነው» አለች፤ ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

አሁን ዘኖስ «የሽምብራው ጳጳስ» ይለዋል፤ ሲሞስም አይከፋውም፤ አልፎ አልፎ እንዲያውም ይባርከዋል። የአባ ቅጣት ከተፈታ በኋላ ሰኞ ሰኞ ወደ ላይኛው መንደር ይወጣል፤ እህቱን ሊጠይቅ ነው ይላል። እህቱ በግ አርቢ ናት። ሲወጣ አኔዚና ከበሩ ላይ ትጠራውና የእጅ ማሻ ሁለት ሎሚ በኪሱ ትጨምርለታለች፤ እሱም ምንም ሳይጠይቅ ዳገቱን ይያያዘዋል።